አኮራኸኝ

አባታችን ታናሽ እህቴን ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ሲላት ኖረ። እኔን «አንቺ» ነው የሚለኝ፤ እሷን «አንተ»። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ና እስቲ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?» ይላት ነበር። ስታለቅስ «ማነው የነካህ?» ይላታል። አድጋ፣ መምህርት ሆና፣ ቀጥሎም ርዕሰ መምህርት ሆና፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ሲላት ውላ ማታ ቤት ስትገባ «መጣህ? እጅህን ታጠብና ብላ» ይላታል። እናታችን ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው፤ እኔ አግብቼ ወጥቻለሁ። አንዳንዴ እቀና ነበር። በኩሯ እኔ፣ ጠበቃዋ እኔ፣ ግን ለእሱ «አንቺ» ብቻ ነኝ።

ነገሩን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ይህን ቋንቋ ከእናቱ አፍ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሴቷን ልጅ ስናቆላምጥ አንተ እንላለን፤ ወንዱን «የት ነበርሽ፣ አንቺ ሌባ» ብለን እንስማለን። ፍቅር ሲበዛ ጾታው ይገለበጣል። በየትኛውም ክፍል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያስተማረን የለም፤ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ይህን ከፊት የማስቀምጠው በኋላ «ሳናውቅ ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው። አውቀው ነው ያደረጉት። እህቴን «ሰውዬው» ያሏት ሁሉ እናቶቻቸው በሴት አንቀጽ እያቆላመጡ ያሳደጓቸው ወንዶች ናቸው።

እህቴ ለከተማው ምክር ቤት ዕጩ የሆነችው በመብራት ምክንያት ነው። ከትምህርት ቤቷ ጀርባ፣ ከመጋዘኖቹ ግንብ ሥር የሚያልፍ ረጅም መንገድ አለ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ሲለቀቁ ይመሻል፤ መንገዱ ላይ አንድም አምፖል የለም። ሴት ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ መቅረት ጀመሩ። እናቶቻቸውን ጠርታ ስትጠይቅ አንዷም ምክንያቱን አልደበቀቻትም። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመላለሰች። በሄደች ቁጥር «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» ይሏታል።

«ሂደቱ እግር የለውም መሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «እኔ ልሂድለት።»

ሄደችለት። አንድ ፓርቲ ሴት ዕጩ አጥቶ ሲፈልግ ነበርና ተቀበላት። የመጀመሪያው የትውውቅ ስብሰባ የተደረገው በሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ነው፣ እሑድ ከሰዓት። አባታችን ለእኔ ሠርግ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። እሷ ስለ መንገዱና ስለ ቀሩት ልጆች ተናገረች። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ የመድረኩን ደረጃ እየደገፈ ወጣ። ራሷን በሁለት እጁ ያዘው። ያን አጭር ፀጉሯን፣ ራሱ ሲቆርጥላት የኖረውን።

«አኮራኸኝ» አላት። «አኮራኸኝ እኮ፣ አንተ ልጅ። ዛሬ እናትህ ብታይህ።»

ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ከአጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት መሐረቧን አወጣች። እኔም አልቻልኩም።

ቪዲዮውን የለጠፈችው እህቴ ራሷ ናት፣ በዘመቻ ገጿ ላይ። በላዩ የጻፈችው አንዲት ቃል ናት፤ «አባቴ»። የመጀመሪያው ቀን ሰዎች የጻፉላትን አሁንም አስታውሳለሁ። «የእኔም እንዲህ ነበር የሚለኝ።» «የሞተውን አባቴን አስታወስሽኝ።» «አባትሽን ዕድሜ ይስጥልን።» ፓርቲው ደስ አለው፤ ከእሷ ንግግር ይልቅ የሽማግሌው ቃል ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ።

ከዚያ «የሰፈር ዓይን» የሚባል ገጽ አገኘው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ስምም ፊትም የለውም። ንግግሯን ቆርጦ ጣለ። መንገዱን ጣለ፣ መብራቱን ጣለ፣ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ጣለ። አባቴ ራሷን ይዞ የሚናገርባትን ቅጽበት ብቻ አስቀረና ከላይ «አባቱ መሰከረ» ብሎ ጻፈባት።

አባቱ መሰከረ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ አንድም ጸያፍ ቃል የለም። የጻፋት ሰው ጎበዝ ነው፤ ይህን ልክደው አልችልም። ያቺ ጽሑፍ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ዋለች፣ ከተማ ለከተማ ስትዞር አደረች። አንዱ የአባቴን ድምፅ ቆርጦ ከበሮ ጨመረበትና መጨፈሪያ አደረገው። «ሰውዬው መጣ።» «ሰውዬው ዛሬ ቀሚስ ለበሰ።» «ሰውዬው ለምን አላገባም? ሚስት አጥቶ ነው።» ባል የላትም፤ ፀጉሯ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ተማሪ ጸጥ ሲያሰኝ የኖረ ወፍራም ድምፅ ነው። ሁሉም ማስረጃ ሆነ።

ጢም የተሣለባት ፎቶ ሲመጣ ስልኳን አቀበለችኝና «ቢያንስ ጢሙ አምሮብኛል» አለች። ቀጥሎ ራሷን ወንድ ቦክሰኛ ላይ ቀጠሉት። ቀጥሎ ልብስ የሌለው ገላ ላይ። ያኔ ስልኩን አላቀበለችኝም፤ ራሴ ነው ያየሁት። ስልክ ቁጥሯን ለጠፉት። የሚደውሉት ድምፃቸው የሰከነ፣ ሥራ ያላቸው የሚመስሉ ወንዶች ናቸው፤ «ሰውዬው ነህ?» ብለው ይስቃሉ። የሚጽፉት ደግሞ «ከትምህርት ቤት የምትወጣበትን ሰዓት እናውቃለን፤ ፈትሸን እናረጋግጣለን» ይሏታል። እንዴት እንደሚፈትሹም ይጽፋሉ። እዚህ አልደግመውም። ስለ ጨለማ መንገድ የተናገረችውን ሴት በዚያው መንገድ እንጠብቅሻለን አሏት፤ የተናገረችው ነገር እንዲህ በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። መርማሪው ትሁት ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበልን። አትሜ ያመጣሁትን ገልጦ ገልጦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ ጠበቃዬ፣ ስድቡ የቱ ጋ ነው?»

«በያንዳንዱ ገጽ ላይ።»

«ማስፈራሪያውን አይቻለሁ፤ እሱን እንጽፋለን፣ ቁጥሮቹ ግን የተመዘገቡ አይመስሉኝም። ስም ማጥፋት ያልሽውን ነው የምጠይቅሽ። እሱ፣ ሰውዬው፣ መጣ፣ ሄደ። የት አለ ስድቡ?»

«እሱ የሚሏት እህቴን ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ወንድ መባል ስድብ ነው እንዴ?» ፈገግ አለ፤ ክፋት የለበትም። «እናቴ እህቴን ስታመሰግናት ወንድ ናት ነው የምትላት።»

ከጀርባው ባሉት ጠረጴዛዎች የተቀመጡት ባልደረቦቹ መጻፋቸውን አቁመው ያዳምጡናል። እህቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ታውቀኛለች።

«እንዲያ ከሆነ» አልኩት፣ «አንቺ መርማሪ፣ ቃላችንን ጻፊ። ፊደሉን በጣትሽ እየፈለግሽ አታቁሚን። ቶሎ በይ እንጂ፣ እመቤቴ።»

ከጀርባ ሳቅ አመለጠ። የመርማሪው ፊት ተለዋወጠ።

«ሴትዮ፣ አፍሽን ሰብስቢ። ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ መስደብ ያስከስስሻል።»

«ስድቡ የቱ ጋ ነው?»

ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። እነሱ ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ።

«ስድብ መሆኑን ከተስማማን» አልኩት፣ «ጻፈው።»

ጻፈው። ደረጃውን ስንወርድ እህቴ «ቶሎ በይ እንጂ፣ እመቤቴ» እያለች ግድግዳውን ደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ፍርድ ቤት የረታሁ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ጣቢያው በደወልኩ ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነው፤ ገጹ ስም የለውም፣ የገጹ ድርጅት ያለው ባሕር ማዶ ነው፣ ደብዳቤ ተጽፏል። ፋይላችን በሂደት ላይ ነው።

ለአባታችን አልነገርነውም። ቁልፍ የሚጫን ስልክ ነው የሚይዘው፤ ደውሎ ከማነጋገር ሌላ አይጠቀምበትም። ደንበኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እንደሱ። ያመልጠዋል ብለን አሰብን።

ቅዳሜ ዕለት ምሳ አብረን ልንበላ ፀጉር ቤቱ ሄጄ እጠብቀው ነበር። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ነው፣ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ከአጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ከሰፈሩ አይደለም፣ አላየሁትም ከዚያ በፊት። ስልኩን እየጎረጎረ በአፍንጫው ይስቃል። ድንገት ድምፁን ከፍ አደረገው። ከበሮ ተሰማ። ከከበሮው በላይ፤ «አኮራኸኝ። አኮራኸኝ እኮ፣ አንተ ልጅ። አኮራኸኝ። አኮራኸኝ።»

አባቴ ማሽኑን አጠፋ።

«ያ ድምፅ የእኔ ነው» አለ።

«አይ አባባ» አለ ጎልማሳው፣ ቀና ሳይል። «ይሄ የዚያ የሰውዬው ነው። ሴት ነኝ ብሎ ለምክር ቤት የሚወዳደረው የለም? አባትየው ጉዱን አፈረጠበት።»

«አሳየኝ እስቲ።»

ስልኩን ልነጥቅ ተነሣሁ፤ አልደረስኩም። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። አንዴ አይቶ አልበቃውም። ከሥር ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ጎልማሳው አሁን ቀና ብሏል፤ መስተዋቱ ጥግ ላይ የተለጠፈውን የምርጫ ፎቶ ያያል፣ የእህቴን። 

«ውጣ» አልኩት። «ውጣ ከዚህ። አንተ ማፈሪያ፣ አንተ ልክስክስ።» ሌላም ብዙ አልኩት።

«ተይው» አለ አባቴ። «ደንበኛ ነው።»

ስልኩን በሁለት እጁ መለሰለት። ማሽኑን ከፈተና የቀረውን ግማሽ ራስ ጨረሰ፤ በጥንቃቄ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከጆሮው ጀርባ ያለውን በምላጭ አስተካከለ፣ አንገቱን በብሩሽ ጠረገ። ሰውየው ሲወጣ «ጤና ይስጥልኝ» አለው። ጎልማሳው በመሀል ሹልክ ብሎ ወጥቶ ነበር። አባቴ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠና በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

«እኔ ነኝ እንዴ እንዲህ ያደረግኳት?»

«አንተ አይደለህም፣ አባባ። ምን አደረግክ አንተ?»

«አፌ ነዋ።»

የዚያን ዕለት ማታ አብሬያቸው ነበርኩ። እህቴ በሩን ከፍታ ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እሱ ከመቀመጫው ሆኖ አያት። እኔ የለመድኩትን ጠበቅኩ። እሱም አፉን ከፈተ፤ ቆየ።

«ተመጣ?» አላት።

«እ?»

«እራት... እራት አልተበላም?»

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው፣ ከግድግዳው ጋር?» ሣቀች። አልሣቀም። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ፊቴን አይታ ገባት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ ንግግሩ። «አንተ» ማለት አይችልም፤ ጠላት ጆሮ ያለው ይመስለዋል፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ስልኳ ውስጥ። «አንቺ» ማለትም አይችልም፤ በሕይወቱ ብሏት አያውቅም፣ አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ትሆንበታለች። በቋንቋችን ደግሞ «እርስዎ» የማይሉትን ሰው ወንድ ወይ ሴት ሳያደርጉ ፊት ለፊት ማናገር አይቻልም፤ «ብላ» ወይም «ብይ» ነው፣ መሀል የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ባለቤት የሌለው ንግግር ፈጠረ። «ሻይ ይፈለጋል?» «ዛሬ ወዴት ይኬዳል?» «በር ይዘጋ።» ገና ምርጫው ሳይደርስ፣ እህቴ በገዛ አባቷ ቤት ተሳቢም ባለቤትም መሆኗ ቀረ።

የፓርቲው ጸሐፊ ያስጠራን በዚያው ሳምንት ነው። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ሁለት ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። ሻይ አስመጣልን። ቅስቀሳው እየተጎዳ መሆኑን ብዙ ዞሮ ነገረን።

«አንድ ቀላል መፍትሔ አለ» አላት። «ከሐኪም አንዲት አጭር ማስረጃ። እኛ አንጠራጠርም፣ እንዲያው ለሕዝቡ ነው። ሴት መሆንዎን የሚገልጽ።»

እህቴ ሻዩን አስቀመጠች። «እርስዎ ወንድ ለመሆንዎ አምጥተዋል?»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እሱን ነው የምለው።»

ጸሐፊው አንዱን ስልክ ገለበጠው፣ መለሰው። «እሺ፣ እሱ ይቅር። አባትዎ ካሜራ ፊት ቀርበው አንድ ሁለት ቃል ቢናገሩስ? ልጄ ሴት ናት፣ አፌን ስቶኝ ነው ቢሉ ያበቃል።»

«አባቴን አትንኩት» አለች። ተነሥታ ወጣች። እኔ ቀርቼ የሚገባውን ነገርኩት፤ ድምፄን ሰምተው ከሚቀጥለው ክፍል ሰዎች መጡ። ሌላ ፓርቲ ነው እንዲህ የሚያደርገው ብትሉኝ እሺ፤ ቆመንለታል የሚሉላት ሴት ልብሷን አውልቃ ለሐኪም እንድታሳይላቸው የጠየቁት ግን የራሷ ሰዎች ናቸው። ጠላትስ ገላዋን በፎቶ ብቻ ነው የሠራው።

ጸሐፊው አባቴን ነካው። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ እንደ ልጅ ሆኖ አጫወተው። «እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያድኗት፣ አባት» አለው። ይህን የነገረኝ አባቴ ራሱ ነው። ማን ቢሆን እምቢ ይላል? እዚያው መስተዋቱ ፊት አቁመው ቀረጹት።

እህቴ ያየችው ቢሮዋ ውስጥ ሆና ነው፣ በእረፍት ሰዓት፣ መስኮቱ ሥር ልጆች እየጮሁ። ደውላ «ነይ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ስደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ደግማ እያየችው ነበር። አባታችን ንጹሕ ጋዋኑን ለብሷል። ከካሜራው ጎን የተጻፈለትን ያነባል፤ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«ልጄ ሴት ናት። ከተወለደች ጀምሮ አንቺ እያልኩ ነው ያሳደግኋት። ያን ቀን አፌን ስቶኝ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም አልልም፤ ፀጉር ቆራጭ ነው፣ ራሰ በራውን ሁሉ «ፀጉርህ ደህና ነው» ሲል ነው የኖረው። ይህን ውሸት ግን አየሁት ከአፉ ሲወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰጣትን በአንድ አረፍተ ነገር ካደው፣ ሊያድናት ብሎ። «የሰፈር ዓይን» ወዲያው ወሰደው፤ «አስገድደው አስካዱት» አለ፣ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈሩን አቅርቦ፣ በዝግታ አሳየው። አላዳናትም። በማግስቱ የፀጉር ቤቱ የበር መስታወት ላይ «የሰውዬው አባት» ተብሎ በቀለም ተጽፎ አገኘነው። ስናጥበው አልለቀቀም፤ በምላጭ ፋቅነው።

ቪዲዮውን ያየን ዕለት ማታ ቤት ሄድን። ሽማግሌው ፊቷን አይቶ ተነሣ።

«አፌን ስቶኝ ነው አልክ?» አለችው።

«ለደህና ተብሎ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ነው የሳትከው?»

«ይታወቃል እኮ» አለ። «የሆነው ይታወቃል። ለደህና ተብሎ ነው የተነገረው።» ማን እንዳወቀ፣ ለማን ደህና፣ ማን እንደተናገረ የለበትም። እዚያው ቆሞ በባዶ ቃላት መካከል መውጫ ፈለገ። «አይለቀስ» አላት። «በቃ፣ አይለቀስ።»

አታልቅስ ማለት አቅቶት አይለቀስ አላት።

ውጭ በረንዳው ላይ ተከትያት ወጣሁ። ዕጩነቴን ልተው ነው አለችኝ። አበድኩ። ሴት ዕጩ የሚያልቀው በዚህ ነው አልኳት፤ እያንዳንዷ ስትወጣ ቀጣይዋን ይጠብቋታል፤ የሚፈልጉት ይኸንኑ ነው፤ መብራቱስ፣ ልጆቹስ፤ አንቺ እኮ ገና አልተሸነፍሽም። ያልኳት ሁሉ እውነት ነበር። አሁንም እውነት ነው። ጨርሼ ዝም እስክል ጠበቀችኝ።

«ፎቶውን ቻልኩት» አለች። «ቁጥሬን ቀየርኩ። መንገዱን ቀየርኩ። ሰላሳ ጊዜ ሰውዬው ቢሉኝ ጆሮዬ ለምዶታል። ይኼን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ሌላ አንተ የሚለኝ ሰው የለኝም እኮ።»

«እሱን ያፈነው አንቺ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ። ስወጣ ግን ይተዉታል። ሲተዉት ይመለስለታል።»

«ካልተመለሰስ?»

«አንቺ መርታት ነው የምትፈልጊው፣ እትዬ» አለች፤ ሳትቆጣ። «እኔ አባቴን ነው የምፈልገው።»

 

ምርጫ ጽሕፈት ቤት አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለን ሰውዬ ምክንያቱን ጠየቀ። «የቤተሰብ ጉዳይ» አለችው፤ እሱም ጻፈው። ጋዜጦቹም እንደዚያው ጻፉ፣ ሬዲዮውም አለ፤ «ዕጩዋ በቤተሰብ ጉዳይ ራሳቸውን አገለሉ።» ሴት ፖለቲከኛ በቤተሰብ ጉዳይ ወጣች የሚል ዜና ባነበባችሁ ቁጥር ቆም በሉና ጠይቁ፤ ቤተሰቧን ማን ነካው? ፓርቲው በቦታዋ ወንድ ተካ፤ ማስረጃ አልጠየቁትም። «የሰፈር ዓይን» «ሰውዬው ፈረጠጠ» ብሎ ለጠፈና ለሁለት ቀን ዝም አለ፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ለሌላ ወረዳ የምትወዳደር የሰፈራችን ነርስ ላይ ጀመረ።

እሑድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። እሷ ግን እንዲከፍተው ለመነችው። ሦስታችን ገባን፤ መዝጊያውን መልሼ ዘጋሁት፣ መጋረጃውን ሳብኩት። እህቴ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ወጥቻለሁ» አለችው። «አልቋል። ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ፤ እትዬም የራሷን ትታዋለች። ከእኛ በቀር የሚሰማ የለም። ፀጉሬን ቁረጠኝ።»

ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አሠረላት። አበጠረው፤ ከመጠን በላይ አድጓል። መቀስ አነሣ። እህቴ በመስተዋቱ ውስጥ ታየዋለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፤ አገጯን ዝቅ አድርጋ ነበርና መቁረጥ አልቻለም። ፀጉር ቆራጭ ሲሠራ ትእዛዝ ሰጪ ነው። ቀና በል፣ ዞር በል፣ ጎንበስ በል። ዕድሜውን ሙሉ ለስንት ሺህ ራስ ያለው ነው።

«ቀና» አለ።

ቀጣዩ ቃል ሁለት ፊደል ነው፤ «በል» ወይም «በይ»። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ትንፋሹ ይሰማኛል። እህቴ ጠበቀችው። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ስከራከርበት የኖርኩትን ቋንቋ ሁሉ እያወቅኩ፣ አንዲቷን ቃል ከአፉ ላወጣለት አልቻልኩም።

መቀሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና በቀኝ ጣቱ አገጯን ነካ፤ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው። ቆረጠ። ወደ ቀኝ እንድትዞር ሲፈልግ ጉንጯን በመዳፉ ገፋ፤ እንድትጎነበስ ሲፈልግ ማጅራቷን ጫን አደረገ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ እጁ ወደ መራት ሁሉ ዞረች።